ከመቶ ዘር መቶ ሦስት

ተመራማሪዋ ስህተቷን ያገኘችው ማክሰኞ ጠዋት፣ የቀዳችው ሻይ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው። በአዲሱ መዝገብ ሦስተኛ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥሮች ደመረች፦ ስልሳ አንድ፣ አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት። መቶ ሦስት መጣ። ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ እያሳረፈች ደግማ ደመረች። መቶ ሦስት። የደመረችው የበቀለውን የስንዴ ዘር ነው፤ እርጥብ ወረቀት ላይ የተደረደረው ደግሞ መቶ ፍሬ ብቻ ነበር። ዘር ምን ቢባረክ ከተዘራው በላይ አይበቅልም።

መዝገቡን በብብቷ ይዛ ኮሪደሩን ተሻገረችና ወደ ቆጠራ ክፍሉ ገባች።

ቆጠራ ክፍሉ ከዘር ምርምር ማዕከሉ ክፍሎች ሁሉ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት እሱ ብቻ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ክንዱ የሚተጣጠፍ ማጉያ መብራት፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቁም ሳጥን፤ በቃ። ጠረጴዛው ላይ የሚሠሩት ሴት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቡቃያ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ወረንጧቸው እንዳይጠፋ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሥራቸው ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። መቶ ፍሬ ይደረደራል፤ በአምስተኛው ቀን የበቀለው ተቆጥሮ ይነሳል፤ በስምንተኛው ቀን ዘግይቶ የበቀለው ይቆጠራል። ነገር ግን ጫፉን ብቅ ያደረገ ሁሉ በቀለ አይባልም። ሥሩ የተቆለመመ፣ ግንዱ የተሰነጠቀ፣ ግማሹ የጠወለገ አለ። ይኼ አፈር ቢያገኝ ይቆማል ወይስ አይቆምም? የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛው በሙሉ፣ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው፣ "ዳኛዋ" ይላቸዋል።

"እንደምን አደሩ እትዬ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።"

ዳኛዋ ቀና አላሉም። "አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት… ቆይ… አርባ አራት…" ወረንጦው ከሳህን ሳህን ተመላለሰ። ስልሳ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩን ጻፉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። "እግዜር ይመስገን። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ከመቶ ዘር መቶ ሦስት በቅሎብኝ ነው።"

"እሰይ! መንታ የወለደ አለ ማለት ነዋ!" ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መዝገቡን ተቀብለው ገጹን ሲያዩት ግን ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። "አንቺ ልጅ። እርሳሱን ደመርሽው እንዴ?"

"አይደመርም?"

"እርሳስ እንዴት ይደመራል? እርሳስ እኮ ገና ያልተፈረደበት ነው!"

መክደኛዋ ሰማያዊ የሆነች ትንሽ ሳህን ከጠረጴዛው ጥግ ጎትተው ከፈቱላት። ውስጧ እንደ መንጠቆ የታጠፉ ስድስት ቡቃያዎች ተኝተዋል።

"ይቺን ይግባኝ ነው የምላት" አሉ። "በአምስተኛው ቀን ያጠራጠረኝን እዚህ አቆየዋለሁ፤ ስንት እንደሆነም መዝገቡ ዳር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። በስምንተኛው ቀን የተቃና ካለ ከሌሎቹ ጋር አብሮ በስክሪብቶ ይገባል። ያልተቃናው ሞተ። እርሳሱን አላጠፋውም፤ ለራሴ ማስታወሻ ነው። በይ እንግዲህ፣ አንቺ የሞተውን አስነሳሽ፣ የዳነውን ደግሞ ሁለቴ ቆጠርሽ።"

ተመራማሪዋ ክው አለች። ገጹ አንድ ቢሆን ምንም አልነበረም። አምና ግን አርባ ስምንት ገጽ በዚሁ መንገድ ደምራለች፤ ያኔ ከመቶ ያለፈ አንድም ገጽ ስላልነበረ ምንም አልጠረጠረችም። ያ ድምር ጽሑፍ ሆኖ፣ በሁለት ገምጋሚዎች ታይቶ፣ ከአራት ወር በፊት በጆርናል ላይ ወጥቷል። ጽሑፉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ አየር በማያስገባው አዲሱ ከረጢት ስምንት ወር የቆየ ዘር ከመቶ ዘጠና አንዱ ይበቅላል፤ በተለመደው ጆንያ የቆየው ግን ሰባ አምስቱ ብቻ።

ለምን አልጠየቀችም? እውነቱን ለመናገር አፍራ ነው። አምና ገና አዲስ ገብታ፣ ዲግሪዋን ይዛ፣ "ይቺ በእርሳስ ዳር ላይ ያለችው ምንድን ናት?" ማለት ከበዳት። መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደች፣ በገባት መንገድ ደመረች፣ መልሳ አስቀመጠች። ቆጠራ ክፍሉ ከእሷ ክፍል አሥራ አንድ እርምጃ ነው።

ቢሮዋ ተመልሳ አርባ ስምንቱን ገጽ እንደገና ስትደምር ዋለች። የምሳ ሰዓት አለፈ። ዘጠና አንዱ ወርዶ ሰባ አራት ሆነ። ሰባ አምስቱ ሰባ ሦስት ሆነ። እርሳሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው አዲሱ ከረጢት ገጾች ላይ ነበር። ከረጢቱ ዘሩን ጠብቆ አላቆየውም፤ ቆልምሞ ነው ያቆየው።

ከቢሮዋ ስትወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ ላለማየት አንገቷን ብታዞርም አየችው። የዘር ማከማቻው ድርጅት ነው የላከው። ጽሑፉን ማንበባቸውን፣ ማመስገናቸውን፣ በያዝነው ወር አምስቱንም መጋዘኖቻቸውን ወደ አዲሱ ከረጢት እንደሚያዛውሩ ይገልጻል። የለጠፉት ዶክተሩ ናቸው፤ አራቱም ማዕዘን በፒን።

ዶክተሩ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ በጽሑፉም ላይ ስማቸው ከእሷ ስም ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ይገኛል። አምና ረቂቁን ሰጥታቸው ሦስት ኮማ ጨምረው፣ አንዱን መልሰው ሰርዘው፣ "ግሩም ነው" ብለው ነበር የመለሱላት። ነገሩን ስትነግራቸው አላቋረጧትም። ጠረጴዛቸው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ጠርዝ ለጠርዝ እያስተካከሉ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"በሩን ዝጊው" አሉ። "ስንት ሰው ያውቃል?"

"ዳኛዋና እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"የቅጥር ቦርዱ የሚሰበሰበው መቼ ነው?"

"በአሥራ አምስት ቀን ነው ዶክተር።"

"እንግዲያው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ላኪው።"

ቦርዱ የሚሰበሰበው የእሷን ነገር ለመወሰን ነው፤ ሁለት ዓመት በጊዜያዊ ውል ሠርታለች፣ ለቋሚነት ደግሞ የታተመ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ያላት ያ አንድ ብቻ ነው።

"ዘር ማከማቻዎቹስ?" አለች፣ ድምጿ ለራሷም ሳይሰማት።

"ደብዳቤ መጻፍና ሥራ መጀመር አንድ አይደለም። እነሱ እስኪነሱ ወሩ ያልቃል። ልጄ፣ ሰርቀሽ አይደለም፣ ፈጥረሽም አይደለም። ተሳስተሽ ነው። አሥራ አምስት ቀን ምን ይለውጣል? ሰው በፈቃዱ እሾህ አይረግጥም።"

"እሺ ዶክተር" አለች። ከልማድ የወጣ እሺ ነው። ደረጃውን ስትወርድ በየእርከኑ እየተጸጸተች ወረደች።

ቤት ስትደርስ አባቷ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በሰዓቱና በመጨረሻው አውቶቡሱ ፎቶ መካከል፣ የጽሑፏ የመጀመሪያ ገጽ በመስታወት ክፈፍ ተሰቅሏል። ከጽሑፉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ከመቶ ዘጠና አንድ! የኔ ልጅ ናት ያገኘችው" ይላል፤ እንግዳውም ምኑ ዘጠና አንድ እንደሆነ ሳይገባው "ይደግ ይባረክ" ብሎ ይሄዳል።

"አባዬ፣ ሬዲዮውን ቀንስልኝ።"

ቀነሰው። ቆማ ነገረችው። ከረጢቱንና ጆንያውን፣ እርሳሱን፣ የይግባኟን ሳህን፣ ቦርዱን፣ አሥራ ስድስተኛውን ቀን ነገረችው።

አባቷ ክፈፉን ተመለከተ። "ስንት ሆነ አሁን?"

"ሰባ አራት።"

"ከጆንያው በስንት ይበልጣል?"

"በአንድ።"

"በአንድማ ዘመድም ይበላለጣል" አለና አገጩን አሻሸ። "ተራራው ላይ መንገድ የሳትኩበትን ቀን ነግሬሽ አውቃለሁ?" አለ።

"አልነገርከኝም።"

"ለማንም አልተናገርኩትም። ጉም ነበር። ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባኝ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ወዲያው ነው የገባኝ። አርባ ተሳፋሪ ከኋላዬ አለ፤ አንዲት ሴትዮ 'ሹፌር፣ በዚህ ነው እንዴ?' አለችኝ። 'አቋራጭ ነው እናቴ' አልኳት። አቋራጭ! ከዚያ ወዲያ እንዴት ልመለስ? የተናገርኩት አፌ ላይ ቆመ። ሃያ ደቂቃ ነዳሁ፣ ድልድዩ ተሰብሮ አገኘሁት። መኪና ማዞሪያ የለም። ወደ ኋላ እያልኩ፣ ረዳቴ እያፏጨልኝ፣ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አንዷ ልጅ ፈተናዋ አለፈባት። አለቀሰች።"

"ቀጡህ?"

"ማን ያውቃል ብለሽ! 'መንገዱ ተበላሽቶ' ብዬ ጻፍኩ። እውነትም ተበላሽቶ ነበር።" ሬዲዮውን ዘጋው። "የልጅቷ ፊት ግን እስካሁን በመስታወቴ ውስጥ አለ። እኔ መንገድ አልመርጥልሽም፤ የእንጀራሽ ነገር ነው። ብቻ አስቢው፣ ከኋላሽ ሰው ተሳፍሯል።"

ክፈፉን ላወርደው ስትል ከለከላት። "ተዪው። ሰዓቱ ብቻውን ያስጠላል።"

በማግሥቱ ቢሮ እንደገባች መጀመሪያ የጻፈችው ለዘር ማከማቻው ነው። አጭር ነበር፦ ቁጥሩ ስህተት ነው፣ እባካችሁ ዘሩን አታዛውሩ፣ ዝርዝሩ ይከተላል። እጇ ሳይቀዘቅዝ ላከችው። ቀጥላ ለጆርናሉ አርታኢ የሚላከውን ማረሚያ አረቀቀች። ይኼኛው እስከ ቀትር ወሰደባት። አምስት ጊዜ ጽፋ፣ አምስተኛውን አትማ ወደ ዳኛዋ ወሰደችው።

"እትዬ፣ የቆጠሩት እርስዎ ነዎት። ስምዎ በጽሑፉ ላይ መግባት ነበረበት፤ አልገባም። አሁን በማረሚያው ላስገባው እፈልጋለሁ። ግን መጀመሪያ ያንብቡት።"

ዳኛዋ ወረንጦውን አስቀመጡ። "ቆይ፣ ልስማው ይኼን ነገር። ጽሑፉ ሲወጣ ኬክ ተቆርጦ ነበር አይደል? እዚያ ማዶ፣ በስብሰባው አዳራሽ?"

"አዎ።"

"ጭብጨባው እዚህ ድረስ ተሰምቶኛል። ቁጥር አጥፍቶብኝ ሳህኑን እንደገና ነው የጀመርኩት። እና አሁን ለሠርጉ ሳትጠሩኝ ለለቅሶው ነው የምትጠሩኝ?"

የተመራማሪዋ ጆሮ ጫፉ ድረስ ቀላ። ዳኛዋ ጥቂት አዩዋት፣ ከዚያ ወረቀቱን ነጠቋትና ከማጉያው መብራት ሥር አደረጉት። እንደ ቡቃያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

"'በመዝገብ አያያዝ ላይ በተፈጠረ አለመግባባት ምክንያት'" ብለው አነበቡ። "ማን ከማን ጋር ነው ያልተግባባው?"

"እኔ… ማለት፣ እርሳሱ…"

"እርሳሱ ምን አደረገ? ሃያ አራት ዓመት በእርሳስ ጽፌአለሁ፤ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። የመዝገቡ አያያዝ ደግሞ የኔ ነው። ይኼን ያነበበ ሰው ማንን ይላል? 'ያቺ ቆጣሪ አበላሽታ ነው' ይላል። ስሜን ያስገባሽው ለዚህ ነው?"

"አይደለም! እውነት አይደለም እትዬ።"

"አውቃለሁ አይደለም። ብዕርሽ ፈርቶ ነው እንጂ አንቺ ተንኮል የለብሽም።" ወረቀቱን መለሱላት። "ሂጂና የሆነውን ጻፊው። ያኔ ስሜን አስገቢው፤ ዘጠና አንዱ የኔ ባይሆንም ሰባ አራቱ የኔ ነው።"

ስድስተኛው ረቂቅ ሩብ ገጽ ሆነ። በመሐሉ ይህ ነበረበት፦ "ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፉት ቁጥሮች ገና ያልተወሰነባቸውን ቡቃያዎች የሚያመለክቱ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ትርጉማቸውን ቆጣሪዋን ሳትጠይቅ ደመረቻቸው። መዝገቡ ትክክል ነበር።" ዳኛዋ አንብበው በስክሪብቷቸው ጫፍ ወረቀቱን አንዴ መታ አደረጉና ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

አርታኢው በሁለት ቀን መለሰ። ማረሚያው የሚወጣው ሁሉም ጸሐፊዎች ከፈረሙ ነው፤ እያንዳንዱም በሥራው ውስጥ ምን እንደሠራ በራሱ እጅ መሙላት አለበት። ተመራማሪዋ ቅጹን ስታይ አምና እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደነበረ ትዝ አላት። "ሁለቱም ጸሐፊዎች እኩል ሠርተዋል" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገችው ራሷ ናት፤ ዶክተሩን ሳትጠይቅ፣ እንዳይቀየሙ።

ቅጹን ይዛ ስትገባ ዶክተሩ መላኳን ከአርታኢው መልእክት አውቀዋል።

"እሺ ብለሽኝ ነበር" አሉ።

"ብዬዎታለሁ። ስህተት ነበር ዶክተር። ለዘር ማከማቻውም ጽፌአለሁ።"

"ቦርዱ ላይ ምን ብዬ ልከራከርልሽ ነው?"

"የሆነውን።"

ዶክተሩ ቅጹን ከወረቀቶቹ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ አስተካከሉት። ስክሪብቷቸውን ከፈቱ። "በሥራው ውስጥ የነበረዎት ድርሻ" ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ሦስት መስመር ነው። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ቆጥሬአለሁ ብል ስህተቱ የኔም ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። "አልቆጠርኩም፣ አልደመርኩም፣ መዝገቡንም አላየሁም ብል ስሜ እዚህ ምን ይሠራል?"

ተመራማሪዋ ስለ ሁለቱ ኮማዎች ልታነሳ አልደፈረችም።

"አንቺ ምን ብለሽ ሞልተሽልኝ ነበር አምና?"

"እኩል ሠርተዋል ብዬ።"

"እኩል!" ፈገግታ የሚመስል ነገር ከንፈራቸውን ነክቶ ሄደ። ጻፉ፦ "ረቂቁን አንብቤአለሁ። መዝገቡን አላየሁም፤ ማየት ነበረብኝ።" ፈርመው ቅጹን ወደ እሷ ገፉት። ከሦስቱ መስመር አንዱ ባዶ ቀረ። ከክፍሉ ስትወጣም ተነስተው ተከትለዋት ወጡ፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አራቱን ፒኖች አንድ በአንድ እየነቀሉ ትታቸው ሄደች።

የዘር ማከማቻው መልስ በሳምንቱ መጣ። ሁለት መስመር ነው። ሁለቱን መጋዘን ወደ ከረጢት አዛውረው ጨርሰው እንደነበር፣ አሁን መልሰው ወደ ጆንያ እየገለበጡ እንደሆነ፣ የቀሩትን ሦስቱን እንደማይነኩ ይገልጻል። ምስጋና የሚል ቃል የለበትም። ተመራማሪዋ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ ስድስተኛው ቀን ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል።

ቦርዱ በቀኑ ተሰበሰበ። ውሳኔው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሳት፦ ማረሚያ የተላከለት ጽሑፍ ለጊዜው ሊቆጠር ስለማይችል የቋሚነት ጥያቄዋ ለአንድ ዓመት ተላልፏል፤ ውሏ ባለበት ይቀጥላል። ዶክተሩ ተከራክረውላታል ተባለ፤ ምን ብለው እንደተከራከሩ ግን የነገራት የለም። ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ምሳዋን አልበላችም፤ ራቷን ግን በላች።

ማረሚያው ሲወጣ አንዱን ቅጂ ለአባቷ ወሰደችለት። ሁለት ገጽ የሚይዝ ክፈፍ አጣሁ ብሎ አንዱን ከሌላው ኋላ አደረገው። ከፊት የሆነው ማረሚያው ነው። እንግዳ ሲመጣ አሁን "ሰባ አራት!" ይላል፤ እንግዳውም ያው "ይደግ ይባረክ" ይላል።

ሌላውን ቅጂ ለዳኛዋ ወሰደችላቸው። ስማቸው በጸሐፊዎቹ መስመር ላይ ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል። ዳኛዋ ወረቀቱን ከማጉያው መብራት ሥር አድርገው ስማቸውን ረጅም ጊዜ መረመሩት።

"ቀጭን ነው" አሉ፣ "ግን ቀጥ ብሏል።"

ከዚያ ከወንበራቸው ጎን ሌላ ወንበር ሳቡ። የቋሚነቱ ነገር አንድ ዓመት ከተላለፈ፣ እሷም አንድ ዓመት ቁጭ ብላ መቁጠር ትማር፤ እንዲህ ብለው ካሰቡ ሰነባብተዋል። የወረንጦውን ክር ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧትና መክደኛዋ ሰማያዊ የሆነችውን ሳህን ከፍተው ወደ አንዷ ቡቃያ ጠቆሙ።

"ይቺን ፍረጂ።"

ተመራማሪዋ ቡቃያውን በወረንጦ አነሳች። ሥሩ መጀመሪያ ታጥፎ፣ ቀጥሎ ግን ለመቃናት የሞከረ ይመስላል። ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። አዞረችው።

"አላወቅሁትም እትዬ" አለች። "ምንድን ነው የሚባለው?"

"እኔም አላወቅሁትም" አሉ ዳኛዋ፣ እርሳሱን እያቀበሏት። "ሦስት ቀን ስጪው።"